የማይከተል ጎማ

አቶ ዳና ስልክ ሲያወሩ እንደ ከብት ነጋዴ ነው የሚጮኹት፤ ሚስጥር እንኳ ቢሆን ከእሳቸው አፍ የሚወጣው በሙሉ ድምፅ ነው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ማክዳ ጀሪካኗን ይዛ ከትልቁ ቤት ጓዳ ውሃ ልትቀዳ ገብታ ነበር። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው ችፑድ ስስ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ወሬው ቢጠና ካለ መኪና ገዢ ጋር ነው። «ስማኝ ወንድሜ፣ ይቺ መኪና እንደ ሌላው እንዳትመስልህ» ይላሉ አጎቷ። «የኋላዋም ጎማ ይታጠፋል። ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ልብህ ትዞራለች። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ ከግድግዳ አስጠግተህ ካቆምካት፣ ስትነሣ መሪውን ጨርሰህ እንዳትጠመዝዝ። ቂጧን ወደ ግድግዳው ትወረውራለች። መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ወጣ በል፣ ከዚያ ታጠፍ። እኔን አንዴ ሠርታኛለች።» ከዚያ ሳቁ። ማክዳ ቧንቧውን የዘጋችው ውሃው ሞልቶ በጫማዋ ላይ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ለማያውቁት ለቢጠናው ሰው በነፃ የተሰጠው ምክር ለገዛ እህታቸው ልጅ ለይስሐቅ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ይስሐቅ የማክዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀን እህል መደብር ይሠራል፣ ማታ ማታ ከመዘምራኑ ጋር ልምምድ አለው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ናዝራዊት የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ያገባል። ባለፈው እሑድ መዘምራኑ ለአገልግሎት ወደ ጉኑኖ ሲሄዱ ሚኒባሱ አልበቃ አለና አቶ ዳና መኪናቸውን አዋሱት። ከመነሣታቸው በፊት ይስሐቅ መኪናዋን እዚሁ ሶዶ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ግድግዳ ጥግ አቆማት። ሊነሣ ሲል ከፊቱ ሚኒባሱ ቆሟል፤ ስለዚህ መሪውን ወደ ግራ ጨርሶ ጠምዝዞ ነዳጅ ሰጠ። የመኪናዋ ፊት በደንብ ወጣ። ኋላዋ ግን ወደ ቀኝ ተወርውሮ ሊጫን ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ኪቦርድ ጨፈለቀው። ኪቦርዱ ምእመናን ከዶሮ ሽያጭ፣ ከቡና ሽያጭ፣ ከደሞዝ ቀንሰው ያዋጡበት ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያዩት ሽማግሌ አቶ ባዳቾ ነበሩ፤ እሳቸውም ያዩትን ተናገሩ። «መኪናው እንደ ሰካራም በጎን ሄደ» አሉ። ውሸት አልነበረበትም፤ በእርግጥም በጎን ሄዷል።

ነገሩን ያባሰው ጊዜው ጊፋታ መሆኑ ነው። በወላይታ አዲስ ዓመት ሰሞን ሥጋ ያልበላ የለም፣ ከሥጋው ቀጥሎ ደግሞ ቦርዴ ይመጣል። በእነ ይስሐቅ ቤተ ክርስቲያን ቦርዴ መጠጣት ክልክል ነው፤ ክልክል ስለሆነም ማን እንደጠጣ ሁሉም ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። ይስሐቅ የቅዳሜውን ሌሊት ሻንቶ የአባቱ ዘመዶች ጋ አድሮ ነው እሑድ ጠዋት የመጣው። ሻንቶ ያሉት ዘመዶች ደግሞ እንግዳ በቦርዴ የሚቀበሉ ናቸው። ሁለትና ሁለት አራት ሆነና ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መናኸሪያው ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይወስናሉ። ከጠጣ ይታገዳል፤ የታገደ አይዘምርም፣ የታገደን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትድርም። የናዝራዊት አባት «እኔ ልጄን ለሰካራም አልሰጥም፤ የሽማግሌዎቹን ቃል እጠብቃለሁ» ብለው ልከዋል። የሰርጉ ጥሪ ካርድ ታትሞ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

ያን ሁሉ ቀን አቶ ዳና ስለ መኪናዋ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሰው ሲጠይቃቸው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ያልፉ ነበር። ይስሐቅ ብቻውን «መኪናው በራሱ ነው የሄደው» ሲል የሳቀበት እንጂ ያመነው አልተገኘም። ማክዳ ራሷ፣ የቴክኒክ ኮሌጁ የአውቶ አሠልጣኝ፣ የዚያኑ ምሽት በር ዘግታ «እውነቱን ንገረኝ፣ ጠጥተህ ነበር?» አለችው። ይስሐቅ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። ከዚያ ወዲህ በአጎታቸው ግቢ፣ በሰርቪሶቹ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በመጋረጃ ተለያይተው እየተኙ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ አላናገራትም። ድሮ ለትንሹም ለትልቁም «ማኪ» ይላት ነበር፤ አሁን ጨው እንኳ ሲፈልግ ተነሥቶ ራሱ ያመጣል።

ማክዳ ጀሪካኑን ጓዳው በር ላይ ትታ ሰማያዊ ቱታዋን ለበሰች። መኪናዋ በግቢው ጫፍ፣ በእንሰቶቹና በአቮካዶው ዛፍ መካከል፣ ቆርቆሮ መጠለያ ሥር ቆማለች፤ ነጭ የጃፓን የቤት መኪና ናት፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ዱባይ ስትነዳ ኖራ በጅቡቲ የገባች። ማክዳ ካርቶን ዘርግታ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በጀርባዋ ገባች። የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ ይህን ድሮም ታውቃለች። የፊት ጎማ የሚጎትታት መኪና ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስድ ዘንግ፣ ካርዳን የሚሉት፣ አያስፈልጋትም። ግን ከፊተኛው የመሪ ሳጥን ተነሥቶ እስከ ኋላ የሚዘልቅ ቀጭን ብረት አለ፤ እጇን ልካ እየዳበሰች ተከተለችው። ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ሌላ የመሪ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሁለተኛ መሪ። እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አበባ ሥልጠና ሄዳ በስዕል አይታለች፤ መምህሩ አንድ ገጽ ገልጦ «እዚህ አገር አታገኙትም» ብሎ አልፎት ነበር። ኩራትና ንዴት አብረው ያዟት። ከእሑድ ጀምሮ ይህ ብረት ከመኝታዋ ጥቂት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ሳታይ ወንድሟን ጠየቀች።

የኋላውን በሁለት ክሪክ አንሥታ፣ ፊቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆመችው። መሪውን የሚያዞርላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ይስሐቅ ፊቱን ለመታጠብ ሲወጣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆሞ አያት። «ግባና መሪውን ያዝልኝ» አለችው፤ መኪናዋ አልተቆለፈችም ነበር፣ የመሪው መቆለፊያም ድሮ ስለተበላሸ ያለ ቁልፍ ይዞራል። ገባ። «ትንሽ ወደ ግራ።» የፊት ጎማዎች ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አሉ፤ የኋላዎቹም አብረው ወደ ግራ። «ጨምር።» የፊቶቹ ቀጠሉ፤ የኋላዎቹ ግን ሐሳባቸውን እንደ ቀየረ ሰው ተመልሰው ቀጥ አሉ። «ጨርሰው።» የፊቶቹ እስከ መጨረሻቸው ወደ ግራ ታጠፉ፣ የኋላዎቹ ወደ ቀኝ። ማክዳ ካርቶኑ ላይ ተጋድማ አየቻቸው። «እንደገና» አለች፣ እንደገናም ሆነ። ከዚያ ይስሐቅ ወርዶ ፎጣውን መሬት ላይ ጥሎ ከጎኗ በሆዱ ተኛ፤ እሷ ደግሞ ተነሥታ መሪውን ጠመዘዘችለት።

«ይሄ ነው?» አለ ከሥር።

«ይሄ ነው። መሪውን ትንሽ ስታዞር፣ በፍጥነት ላይ ማለት ነው፣ ኋላው ከፊቱ ጋር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ መኪናዋ አትወዛወዝም። ብዙ ስታዞር፣ ለመዞርና ለማቆም ማለት ነው፣ ኋላው በተቃራኒው ይታጠፋል፣ በትንሽ ቦታ ትዞርልሃለች። አሁን አሁን የሚሠሩት ላይ ኮምፒውተር ፍጥነቱን እያየ ነው የሚወስነው፤ ይቺ አሮጌ ስለሆነች በብረት ነው። እሑድ መሪውን ጨርሰህ ወደ ግራ ስትጠመዝዝ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግድግዳው ወሰዷት።»

ይስሐቅ ተነሥቶ ከሸሚዙ ላይ አፈር አራገፈ። ማክዳ አንድ ነገር እንዲላት ጠበቀች፤ የጠየቀችውን ጥያቄ መልሳ መዋጥ ብትችል ትውጠው ነበር። እሱ ግን ፎጣውን አንሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።

አቶ ዳና ጥርሳቸውን እየፋቁ ሲመጡ መኪናቸው በክሪክ ላይ ተንጠልጥላለች። ማክዳ የሰማችውን ስልክ አላነሣችም። ቀጭኑን ብረት አሳየቻቸው፣ መሪውንም አዙራ የኋላ ጎማዎቹን አሳየቻቸው። አጎቷ አልገረማቸውም፤ ለመገረምም አልሞከሩም። ከእሳቸው ጀርባ፣ የግቢው በር ምሰሶ ላይ፣ መኪናዋ የጫረችውን ለመሸፈን በቅርቡ የተቀባ አረንጓዴ ቀለም ከአሮጌው ቀለም ጋር አልገጥም ብሎ ይታያል። በዚያ ጭረት ምክንያት ዘበኛው «በሩን አጋማሽ ከፍተህ» ተብሎ የተሰደበው ከፋሲካ በኋላ ነበር። «አጎቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋን ልውሰዳትና ሽማግሌዎቹ ይዩ» አለች ማክዳ።

«ነገ ሰው ሊያያት ይመጣል። ራሷ ግድግዳ ትመታለች የሚባል ወሬ ከተነሣ ማን ይገዛታል?»

«ይስሐቅስ?»

«ወጣት ነው። ስድስት ወር ይታገዳል፣ ስድስት ወር ያልፋል። ደግሞ አንቺ እዚያ ሽማግሌ ፊት በቱታ ልትቆሚ ነው?» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፤ መልሰው ከተቱት። ክሪኮቹን እንድታወርድ አዘዟትና ቁርሳቸውን ሊበሉ ገቡ። ከእሑድ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። ማክዳ የምትኖርበት ክፍል የእሳቸው ነው፤ የምትቀዳው ውሃ የእሳቸው ነው፤ ኮሌጅ ስትማር ምሳዋን የበላችው እሳቸው ቤት ነው። ይህን ሁሉ አስባ ክሪኮቹን አወረደች። አውርዳም ሳታበቃ ግን መኪናዋ ትወጣለች ብላ ቆርጣ ነበር፤ በምን እንደምትወጣ ነው ያላወቀችው።

የአጎቷ ሚስት ወይዘሮ ሣራ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። በጊፋታ ሰሞን የሶዶ ሰው በቅቤ ዋጋ አይከራከርም፤ ኪሎው ሰባ ብር ገብቶም ይሸጣል፣ ስለዚህ ወይዘሮ ሣራ ሳምንቱን ሙሉ በቀን ቤት ብቅ የሚሉት ለምሳ ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መብራት በፈረቃው ጠፍቶ ሳሎኑ ደብዝዟል። አቶ ዳና በልተው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ፣ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው። ማክዳ ሳህን ስታነሣ ወይዘሮ ሣራ ጓዳ ድረስ ተከተሏት። ቅቤ ቅቤ የሚል እጃቸውን በመጎናጸፊያቸው ጠራርገው የመኪናውን ቁልፍ በሳህኖቹ ላይ አስቀመጡት።

«እኔም ከጓዳ የሚሰማው ይሰማኛል» አሉ ዝግ ብለው። «እሑድ ማታ ንገር አልኩት፣ ሰኞም አልኩት። አሁን አልልም። ይቺ መኪና ግማሿ የኔ ቅቤ ነው። በግማሿ ሂጂ።»

«ቢቆጡሽስ?»

«ይቆጣ። የሞተች እህቱን ልጅ ሰካራም አስብሎ ከተኛ፣ እኔ ብቆጣ ነው የሚሻለው ወይስ እሱ?»

ማክዳ ጉንጫቸውን ሳመች፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ብዙ አይደረግም። ይስሐቅ በእግሩ ቀድሞ ሄዷል፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። እሷ ጠዋት ጓዳው በር ላይ የተወችውን ቢጫ ጀሪካን ከነውሃው ኋላ ወንበር ላይ ጭና ወጣች። በአስፋልቱ ላይ ባጃጆችን ስታልፍ መሪውን ነካ ስታደርገው መኪናዋ ሁለመናዋን ይዛ ጸጥ ብላ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ አደባባዩ ላይ ጠምዘዝ ስታደርጋት ደግሞ ከመቀመጫዋ ሥር አንድ ሰው የገፋት ያህል ኋላው ሲዞር ተሰማት። ሥራው ያማረ ነበር። እንዲህ ያማረ ነገር የሠሩ ሰዎች ምንም አላጠፉም፤ ጥፋቱ ያለው የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው ሳይነግር ቁልፉን ሲሰጥ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለችው ቢሮ ውስጥ ነው፤ የላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተከመረ የመዝሙር መጽሐፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በጨርቅ የተሸፈነው የተሰበረ ኪቦርድ። ይስሐቅ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አቶ ባዳቾ በመሐል ናቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሞያሌና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ከአንደበታቸው ቧልት፣ ከከንፈራቸው መጠጥ አልፎ የማያውቅ ሰው ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሾፌር እጁን ይዘው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ለሁሉም ያስተማሩት ሕግ አንድ ነው፤ የኋላ ጎማ ሎሌ ነው፣ ፊተኛው የሄደበትን ይከተላል። ማክዳ በቱታዋ ስትገባ አንዳንዶቹ ተያዩ።

«እኔ ላስረዳችሁ አልመጣሁም» አለች። «ጋሽ ባዳቾ፣ ይቺን መኪና እርስዎ እንዲነዱልኝ ነው የምለምነው። እሑድ ከቆመችበት ቦታ ብቻ ያውጡልኝ።»

«እኔ?» አሉ አቶ ባዳቾ። «እኔ ምን አደረኩኝ?»

«ምንም። ለዚያ ነው እርስዎን የጠየቅሁት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህ የጸሎት ስብሰባ እንጂ መንጃ ፈቃድ መፈተኛ አይደለም ብለው አጉረመረሙ። አቶ ባዳቾ ግን ተነሥተዋል። ሾፌር መኪና ንዳ ሲባል እምቢ የሚልበት አንደበት የለውም። ማክዳ መኪናዋን እሑድ የቆመችበት ቦታ፣ የጎማው ምልክት ገና ከቀይ አፈሩ ላይ ያልጠፋበት፣ ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አርቃ አቆመች። ጀሪካኑን ኪቦርዱ በነበረበት ቦታ፣ ከኋላው ፓራውልት ጎን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ሚኒባሱ በነበረበት ቦታ ደግሞ ይስሐቅ ሳይባል አንድ አግዳሚ ወንበር አመጣ። በዚህ መሐል ነው አቶ ዳና ላባቸውን እየጠረጉ በባጃጅ የደረሱት። ከሰው ጀርባ ቆሙ፤ ማንንም አልጠሩም፣ ማንም አልጠራቸውም።

አቶ ባዳቾ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ ጸለዩ፣ አስነሡ። መሪውን ወደ ግራ ጨርሰው ጠመዘዙና ቀስ ብለው ክላቹን ለቀቁ። የመኪናዋ ፊት አግዳሚውን ሳይነካ ወጣ። ኋላዋ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጀሪካኑ በፓራውልቱና በግድግዳው መካከል ተጣብቆ ሆዱ ገባ፣ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ውሃው እስከ አቶ ባዳቾ የቀኝ መስታወት ድረስ ተረጨ። ሽማግሌው ወርደው ዞረው ጀሪካኑን አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ አዩ። በእጃቸው ነኩት።

«ሙሉልኝ» አሉ። «አልተጠነቀቅሁም ይሆናል። ልድገም።»

ማክዳ መኪናዋን ወደ ቦታዋ መለሰቻት፤ ይስሐቅ ጀሪካኑን ሞልቶ መለሰው። አሁን አቶ ባዳቾ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ኋላ እያዩ፣ መኪናዋን እንደ በሽተኛ እያራመዱ ሞከሩ። በመኪና ዓለም የሚያውቁትን ሁሉ ሞከሩ። ጀሪካኑ እንደገና ተጨፈለቀ፤ ውሃው እንደገና ፈሰሰ። ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉና ለጥቂት ጊዜ መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ። ማክዳ አዘነችላቸው። ዕድሜ ልክ ያመኑበት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲፈርስ ማየት ለማንም ደስ አይልም።

ወርደው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «በሌላ መኪና ይሄ ጀሪካን አይነካም። ይሄን እኔ ነኝ የምነግራችሁ። እሑድ ያየሁት ልክ ነው፣ መኪናው በጎን ሄደ። ሰከረ ያልኩት ግን እኔ ነኝ ከራሴ የጨመርኩት። እኔ ደግሞ ዛሬ ከውሃ በቀር አልጠጣሁም።» ከዚያ በሰዎቹ ትከሻ በላይ አቶ ዳናን ፈልገው አገኟቸው። «ዳና፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

ማክዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አጎቷ ቢክዱ የስልኩን ነገር መናገር እንዳለባት ታውቃለች፤ አፏም ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ ዳና የረጠበውን ግድግዳ፣ የተጨማደደውን ጀሪካን፣ የእህታቸውን ልጅ ነጭ ሸሚዝ አዩ። «አውቅ ነበር» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከአጠገባቸው ላለው ሰው ብቻ የሚሰማ ሆነ። ሽማግሌዎቹም ሌላ አልጠየቋቸውም፤ ያን ቀን ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም።

አቶ ባዳቾ ቁልፉን ይዘው ወደ ይስሐቅ ሄዱ። «ሰርጉ ስንት ሰዓት ነው ያልከኝ?»

«ጠዋት አራት ሰዓት ነው ጋሼ።»

«ሎኦ፣ ጥሩ። ሦስት ተኩል ላይ እመጣለሁ። በእግሬ።» ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለት። «አሁን አንተ አውጣው። እኔ አልችልበትም።»

ይስሐቅ አጎቱን አየ። አቶ ዳና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አግዳሚውን ሰዎች አነሡለት፤ መሪው ጀርባ ተቀምጦ መኪናዋን መጀመሪያ ወደ ቦታዋ መለሳት። መኪናዋ ቀጥ ብላ፣ ፊቷም ኋላዋም ከግድግዳው ጋር እኩል ርቀት ጠብቀው ወደ ፊት ሄደች፣ ኋላዋ ከግድግዳው ጫፍ ሲያልፍ ብቻ ወደ ግራ ታጠፈች። አንዲት ጠብታ ቀለም አልተነካችም። ማክዳ የተጨማደደውን ጀሪካን አንሥታ በእጇ ሆዱን ከውስጥ ለመግፋት እየታገለች ነበር፤ አልመለስ ብሏታል። መኪናዋ አጠገቧ ቆመች፣ የጎኑ በር ከውስጥ ተከፈተ።

«ማኪ» አለ ይስሐቅ። «ግቢ።»